ለወደቀ ብቻ ወይስ ለሁሉም? ስለ ንግድ ሥራ ሙያ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

(ለጥናት ክበቦች የቀረበ)

መግቢያ

በዓመቱ መጨረሻ የማኅበራችን ሂሳብ ሲመረመር 90 ዶላር ጎድሎ ተገኘ። ገንዘቡ ትልቅ አይደለም። ነገር ግን ሂሳቡን እንድናጣራ የተመረጥነው አራት ሰዎች፣ ሁለታችን በንግድ አስተዳደር፣ አንዳችን በምጣኔ ሀብት፣ አንዳችን በምህንድስና ትምህርት ላይ ያለን ስንሆን፣ ሦስት ምሽት ተቀምጠን ጉድለቱ የት እንዳለ ማወቅ አቃተን። በአራተኛው ቀን ነገሩ ከቁጥር ወደ ሰው ተዛወረ፤ የገንዘብ ያዣችን ስም በሹክሹክታ ይነሣ ጀመር።

ከዚህ ያወጡን እሁድ እሁድ በምንሰጠው የወገን ትምህርት ላይ የሚገኙ፣ በዚህ አገር በሰው ቤት ተቀጥረው ብዙ ዓመት የኖሩ እናት ናቸው። ስንጨቃጨቅ ሰምተው «ልጆቼ፣ 90 ለ9 ይካፈል የለም? እንግዲያው አንድ ቦታ አሃዝ ተገላብጧል። ደረሰኙን ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት» አሉን። አስተያየነው። በደረሰኙ ላይ 450 የተባለው መዋጮ በመዝገቡ ላይ 540 ተብሎ ተጽፏል። ገንዘብ ያዣችንን ይቅርታ ጠየቅን።

እትዬ ይህን የት እንደተማሩት ጠየቅናቸው። አገር ቤት ሳሉ በአንድ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንግድ ሥራ ክፍል ተማሪ እንደነበሩ፣ የሂሳብ መዝገብ አያያዝና የጽሕፈት መኪና እንደተማሩ ነገሩን። «መኪናውን ረስቼዋለሁ፤ መዝገቡ ግን አይረሳም» አሉን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ምሽት የተነሣ ነው። የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንግድ ሥራ ሙያና የሥራ ቦታ ችሎታ ለማን ይሰጥ? የኛ መልስ ለሁሉም የሚል ነው። ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እናስረዳለን።

1. ጥያቄው ከየት መጣ?

በአገራችን የሙያ ትምህርት አዲስ ነገር አይደለም። የጣሊያን ወረራ በ1933 ዓ.ም. እንዳበቃ መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹን እንደገና ሲያቋቁም ጸሐፊ፣ ሂሳብ ያዥና ባለሙያ ያስፈልገው ነበር። በአዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም.፣ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት (ኮሜርስ) በ1935 ዓ.ም. የተከፈቱት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያም በ1950ዎቹ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ የተባሉት ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉ፣ ከቀለም ትምህርቱ ጎን ለጎን ንግድ፣ እርሻ፣ የቤት አያያዝና የእጅ ሙያ ይሰጥ ጀመር።

ይሁን እንጂ የሙያ ትምህርት በሕዝቡ ዘንድ ጥርጣሬን አተረፈ። ለዚህም ትልቁ ምሳሌ በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት (ሴክተር ሪቪው) ነው። ጥናቱ ትምህርት ለብዙኃኑ እንዲዳረስና ከሥራ ጋር እንዲያያዝ የሚል በጎ ሐሳብ ነበረው። ነገር ግን ለብዙው ልጅ አጭር የመሠረት ትምህርት ሰጥቶ ወደ ላይ የሚወስደውን በር የሚያጠብ ሆኖ ታየ። መምህራንና ወላጆች የተረዱት እንዲህ ነው፦ ለድሃ ልጅ ማረሻ፣ ለባለጸጋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የሥራ ማቆም አድማ ሲያደርጉ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይኸው ጥናት እንዳይተገበር ነበር፤ መንግሥትም ለማቆየት ተገደደ።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ሕዝቡ የጠላው ሙያን አልነበረም። ዕድሩን፣ ዕቁቡን፣ ሱቁን በሙያ የሚያስተዳድር ሕዝብ ሙያን አይጠላም። የጠላው ሙያ የሚለው ቃል በር መዝጊያ ሆኖ መምጣቱን ነው።

ስሕተቱ በኋላም በሌላ መልክ ተደገመ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃን 10ኛ ክፍል ላይ አቆመው። ከፍ ያለ ውጤት ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። በየቀበሌው «ምን ደረሰህ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ «ቴክኒክ» ብሎ ሲመልስ አንገቱን የሚደፋው ለዚህ ነው። ሙያ የወደቀ ሰው ማረፊያ ተደርጎ ተቆጠረ።

ዛሬ የ10ኛ ክፍል መለያ ፈተና ቀርቷል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የሙያ ትምህርት እንዲገባ አድርጓል። እርምጃው ትክክለኛ ነው። ሆኖም የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት አንድ ቁጥር እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ከፊሎቹ በማካካሻ ትምህርት በኩል ዕድል አግኝተዋል። የሚበዙት ግን 12 ዓመት ተምረው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ትምህርት ቤቱ እነዚህን ልጆች ምን አስይዞ ሸኛቸው? የጥያቄያችን እምብርት ይህ ነው።

2. ትምህርት ቤት ሥራ አይፈጥርም

በዚህ ቦታ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ሳንሸሽ እንመልከተው። ፊሊፕ ፎስተር የተባለው ተመራማሪ ጋናን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጽሑፍ የሚከተለውን ተከራከረ። ተማሪዎች ከሙያ ትምህርት ይልቅ የቀለም ትምህርት የሚመርጡት ንቀት ይዟቸው ወይም የገሃዱን ዓለም ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የተሻለ ደመወዝ ያለው በቢሮ ሥራ እንደሆነ፣ ወደ ቢሮም የሚያስገባው የቀለም ትምህርት እንደሆነ በሚገባ ስለሚያውቁ ነው። ስለሆነም የደመወዙና የሥራው ሁኔታ ሳይለወጥ መጽሐፉን ብቻ በመለወጥ የተማሪውን ምኞት መለወጥ አይቻልም።

ይህ አስተያየት በኛም አገር እውነት ነው። መሰንጠቂያ በሌለበት አናጢ ማሠልጠን፣ መሥሪያ ቤት በሌለበት ጸሐፊ ማሠልጠን ሥራ አጥ ባለሙያ ማፍራት ነው። እንግዲህ «የሙያ ትምህርት ሥራ አጥነትን ያጠፋል» የሚል ካለ አንስማማም።

ይህ ማለት ግን ትምህርቱ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ሥራን የሚፈጥረው የአገር ምጣኔ ሀብት ነው፤ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው በየትኛውም ሥራ ቢሰማራ፣ ሐኪምም ይሁን የጉልት ነጋዴ፣ የድካሙን ዋጋ መቁጠር፣ የፈረመውን ማወቅና የጋራ ገንዘብን ያለ ጠብ መያዝ ያስፈልገዋል። ይህ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ብቻ የሚተው ሙያ አይደለም፤ እንደ ማንበብና መጻፍ ለሁሉም የሚገባ ነው። ከዚህ በታች ሦስቱን ዋና ዋና ትምህርቶች በምሳሌ እናያለን።

3. መዝገብ

ሁላችንም የምናውቀውን ዕድር እንውሰድ። 60 አባላት አሉት፤ እያንዳንዱ በወር 100 ብር ይከፍላል። በዚህ ወር የከፈሉት 52 ናቸው። ዕድሩ 4,000 ብር አውጥቶ ድንኳን ገዛ።

ጸሐፊው በተለመደው ደብተር «ገቢ 5,200፤ ወጪ 4,000፤ ቀሪ 1,200» ብሎ ይጽፋል። ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ሁለት ነገር ተደብቋል፦ ስምንቱ ሰዎች ያለባቸው 800 ብርና የድንኳኑ መኖር። ደብተሩን ብቻ ያነበበ ሰው 4,000 ብር ጠፋ ሊል ይችላል። የብዙ ዕድርና ማኅበር ጠብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በመጽሐፉ ያሳተመው የቬኒስ ነጋዴዎች ዘዴ ይህን ችግር ይፈታል። ዘዴው መንታ ምዝገባ ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ምንም ነገር ከየትም አይመጣም፣ የትም አይጠፋም። እያንዳንዱ ድርጊት ሁለት ቦታ ይጻፋል፤ በግራ (ዴቢት) የተቀበለው፣ በቀኝ (ክሬዲት) የሰጠው።

ሀ) መዋጮው ሲታሰብ፦ በግራ ጥሬ ገንዘብ 5,200 እና ከአባላት የሚሰበሰብ 800፤ በቀኝ የወር መዋጮ 6,000።

ለ) ድንኳኑ ሲገዛ፦ በግራ የድንኳን ንብረት 4,000፤ በቀኝ ጥሬ ገንዘብ 4,000።

በወሩ መጨረሻ ዕድሩ ያለው ጥሬ ገንዘብ 1,200፣ የሚሰበሰብ 800፣ ድንኳን 4,000፤ ድምሩ 6,000 ነው። በሌላው በኩል ያለው መዋጮም 6,000 ነው። ግራና ቀኙ እኩል ነው። ማንም ማንንም አይጠረጥርም፤ ያልከፈለው ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡም ወደ ምን እንደተለወጠ በግልጽ ይታያል።

ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነስ? እትዬ ያስተማሩንን ሁለት ዘዴ እንጽፋለን። አንደኛ፣ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ሳይገላበጡ አይቀርም። ምክንያቱም እንዲህ ነው፦ 54 ማለት አምስት አሥሮችና አራት አንዶች ነው፤ 45 ደግሞ አራት አሥሮችና አምስት አንዶች። ሲቀናነሱ አንድ አሥር ሄዶ አንድ አንድ ይመለሳል፤ ልዩነቱ 9 ይሆናል። አሃዞቹ ምንም ቢሆኑ ሲገላበጡ የሚመጣው ልዩነት ሁልጊዜ የ9 ብዜት ነው። ሁለተኛ፣ የልዩነቱ ግማሽ በመዝገቡ ውስጥ ካለ አንድ ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ ያ ቁጥር በግራ መጻፍ ሲገባው በቀኝ ተጽፎ ይሆናል። እነዚህ ምልክቶች ናቸው እንጂ ማስረጃ አይደሉም፤ ማስረጃው ደረሰኙ ነው።

ይህን ለማስተማር ምን ያስፈልጋል? መስመር ያለው ወረቀትና እርሳስ። ኮምፒዩተር የለንም የሚል ትምህርት ቤት በዚህ ረገድ ምክንያት የለውም።

4. ውልና ደመወዝ

በእሁድ ትምህርታችን ላይ አንዲት እኅት መጥታ ነበር። 12ኛ ክፍል የጨረሰች ናት። እዚህ በሰው ቤት 26 ወር ሠርታለች። የ7 ወር ደመወዜ አልተከፈለኝም ብላ ሽማግሌ ገባ። አሠሪዎቹ «የትኞቹ ወራት?» ብለው ሲጠይቋት መመለስ አልቻለችም። አንዳንድ ጊዜ ግማሽ፣ አንዳንድ ጊዜ የሁለት ወር ባንድነት ይሰጧት ነበር፤ አንድም ጊዜ አልጻፈችውም። ውሉ የተጻፈው በዓረብኛ ነው፤ ቅጂውም በእጇ የለም። በመጨረሻ የ3 ወር ተቀብላ ሄደች። የቀረው 4 ወር የሷ ነበር ወይስ አልነበረም? እኛ እናምናታለን። ነገር ግን እምነታችን ደመወዝ አይሆናትም።

ይህች እኅት ስለ ዕፅዋት ምግብ አሠራር፣ ስለ ሁለተኛ ደረጃ እኩልታ ተምራለች፤ እኛም የተማርነው ይህንኑ ነው። አንድ ደብተር ገዝታ በየወሩ ቀን፣ የተቀበለችውን መጠንና የቀረውን እንድትጽፍ ግን በ12 ዓመት ውስጥ ያስተማራት የለም። ጥፋቱ የሷ አይደለም። በብዙዎቹ የዚህ አካባቢ አገሮች የቤት ሠራተኛ ከአጠቃላዩ የሠራተኛ ሕግ ውጭ ናት ወይም በተለየ ደንብ ትተዳደራለች። ሕግ በደንብ ለማይጠብቀው ሰው የራሱ መዝገብ ከማንም ይበልጥ ያስፈልገዋል። ደብተር ብቻውን በደልን አያስቀርም፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ግን ሰውን ባዶ እጁን አያስቀርም።

አገር ቤት ለሚቀጠረውም ትምህርቱ ያው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት ከቀን 8፣ ከሳምንት 48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፤ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፤ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

የወር ደመወዙ 6,240 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል 208 ሰዓት ይሆናል። 6,240 ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ዋጋው 30 ብር ነው። በወሩ ውስጥ ከመደበኛው ሰዓት በኋላ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ 8 ትርፍ ሰዓት ቢሠራ 30 በ1.5 በ8፣ ማለትም 360 ብር፤ በበዓል ቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 30 በ2.5 በ8፣ ማለትም 600 ብር፤ በድምሩ 960 ብር ይገባዋል። ለጡረታ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ ማለትም 436.80 ብር ይቆረጥበታል፤ አሠሪውም በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 686.40 ብር ይጨምርለታል። ከሱ የተቆረጠው እንጂ አሠሪው የሚጨምረው ገቢ መደረጉን የሚጠይቅ ሠራተኛ ስንት ነው? ይህን ስሌት 10ኛ ክፍል ያለ ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይማረዋል። የሚያስፈልገው መቶኛን ከገሃዱ ዓለም ጋር ማገናኘት ብቻ ነው።

5. መሣሪያ

መሣሪያን በመጨረሻ ያነሣነው ሆን ብለን ነው። የሙያ ትምህርት ሲባል ብዙዎች ቶሎ የሚያስቡት መሣሪያውን ነው፤ ዱሮ የጽሕፈት መኪና፣ ዛሬ ኮምፒዩተር።

የፊደላችን 33 ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ በአንድ የጽሕፈት መኪና ላይ ሊሠፍሩ አይችሉም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች በዚህ ብዙ ደክመዋል፤ መፍትሔውም ፊደሉን ከነቅጥያው ከፋፍሎ መምታት ሆነ። ተማሪው ቁልፎቹን ሳያይ እስኪመታ ድረስ ወራት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ማንኛውም ስልክ አማርኛ ይጽፋል። የዚያ ዘመን የጣት ልምምድ ዋጋ አጣ።

ዋጋ ያላጣ ግን አለ። በዚያው ክፍል የተማሩት የደብዳቤ አጻጻፍ፦ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ «ጉዳዩ» የሚለው መስመር፣ ግልባጭ ለማን እንደሚሄድ፤ የገቢና የወጪ ደብዳቤ አመዘጋገብ፤ የቃለ ጉባኤ አያያዝ። እነዚህ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቪዚካልክ፣ በኋላም ኤክሴል፣ የሂሳብ ሠራተኛን ባለ ዓምድ ወረቀት በመስኮት ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ወረቀቱን የሚያውቅ ሰው ፕሮግራሙን በሳምንት ይለምደዋል። ወረቀቱን የማያውቅ ሰው ግን ከመጨረሻው መስመር በታች አዲስ መስመር ጨምሮ፣ የድምሩ ቀመር እስከዚያ እንደማይደርስ ሳያስተውል፣ የተሳሳተውን ድምር ማሽኑ ስላወጣው ብቻ ያምነዋል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በአገራችን የጉልት ነጋዴዋ ሳትቀር በስልክ ትቀበላለች። እዚህም ላይ ሕጉ አልተለወጠም። ደንበኛው የሚያሳየው የስልክ ምስል ደረሰኝ አይደለም፤ ገንዘቡ ወደ ራስ ሂሳብ መግባቱን ማየት፣ በየማታው የሽያጭ መዝገብን ከሂሳብ መግለጫው ጋር ማስታረቅ ያስፈልጋል። መሣሪያ ይለዋወጣል፤ መርሁ ግን ይቆያል። ስለሆነም ትምህርት ቤት መርሁን በመሣሪያው አማካይነት ያስተምር እንጂ መሣሪያውን ብቻ አያስተምር።

6. ምን ይደረግ?

ለአገር ቤት ትምህርት ያለን ሐሳብ አጭር ነው። የተፈጥሮም ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ከ12ኛ ክፍል በፊት መዝገብን፣ ውልንና የቢሮ ጽሑፍን ይማር። ትምህርቱ በሕያው መዝገብ ላይ ይሁን፤ የትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ወይም የተማሪዎች ሱቅ ሂሳብ በተማሪዎች ይያዝ፣ በተማሪዎችም ይመርመር። ከዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያገናኘው በርም በዚህ ምክንያት ለማንም አይዘጋ።

ለራሳችን ደግሞ ከሐሳብ በላይ ግዴታ አለብን። በመጪው ዓመት የሚከተሉትን ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የማኅበሩ መዝገብ በመንታ ምዝገባ ይያዝ፤ በየሦስት ወሩም ለአባላት ይነበብ። ሁለተኛ፣ የሂሳብ ያዥነት ሥራ በየተራ ይዞር፤ ሁላችንም እንማረው። ሦስተኛ፣ በእሁዱ ትምህርት ከቋንቋው ጋር የደመወዝ ደብተር አያያዝ ይሰጥ፤ ለምትመጣ እኅት ሁሉ የመጀመሪያው ቀን ስጦታችን አንድ ደብተርና አንድ እስክሪፕቶ ይሁን፤ ውሏንም ዓረብኛ የሚያውቁ አባላት ያንብቡላት። ይህን ትምህርት የሚመሩት እትዬ እንዲሆኑ ጠይቀናቸዋል፤ «ቡናውን ማን ያፈላል?» አሉን። እኛ እናፈላለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በ1966 ዓ.ም. ሕዝቡ የተቃወመው ምኑን ነበር? የዛሬው የሙያ ትምህርት ያንኑ ጥርጣሬ እንዳይቀሰቅስ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

2. የፎስተር ክርክር በአካባቢያችሁ ሁኔታ እስከ ምን ድረስ ይሠራል?

3. ከላይ ያለው ዕድር በሚቀጥለው ወር ከስምንቱ ባለዕዳዎች 500 ብር ቢሰበስብ በግራና በቀኝ ምን ይጻፋል? የዕድሩ ጠቅላላ ሀብት ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ለምን?

4. መዝገባችሁ 63 ብር ቢጎድል መጀመሪያ ምን ትፈልጋላችሁ?

5. እያንዳንዳችን ባለፈው ዓመት የፈረምነውን አንድ ውል እናምጣ። ሳናነብ የፈረምን ስንት ነን?